የሳሎኑ ምድጃ ይደፈን ወይስ ይቆይ?

አንባቢ ሆይ! በአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ፍለጋ ዞረህ የምታውቅ ከሆነ፣ በአሮጌ ቪላዎች ሳሎን ውስጥ በግድግዳ የተገነባ የእሳት ምድጃ ሳታይ አልቀረህም። አሠሪው ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗንና የታኅሣሥን ሌሊት ብርድ አስቦ ነበር። የዛሬው ተከራይ ግን ደመወዙን በባሕር ዛፍ ፍልጥ ላይ ቢጨርስ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። ስለዚህ ምድጃው የአሮጌ ጋዜጣና የተሰበረ ጃንጥላ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል።

እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ቤት ተከራየሁ። በክረምት ዝናቡ በጭስ ማውጫው ይወርዳል፤ በበጋ ነፋሱ ጥላሸት እያራገፈ የተማሪዎቼን ደብተር ያጠቁራል። ልደፍነው ቈረጥሁ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ «ልጄ፣ ግንቡን ብቻ አትንካብኝ» ስላሉኝ፣ አፉን በጣውላ ዘግቼ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወትፌ፣ ከፊቱ መጻሕፍቴን ደረደርሁ። ነፋሱ ቆመ፤ እኔም በብልሃቴ ኮራሁ።

መከር ካበቃ በኋላ እናቴ ከገጠር ልትጠይቀኝ መጣች። አንድ ማታ ቡና አፍልታ ስትጨርስ፣ ፍም የሞላውን የከሰል ማንደጃ «ቤቱን ያሙቅልን» ብላ በሳሎኑ ውስጥ ተወችው። እርሷ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ እኔ ደብተር ማረም ጀመርሁ። በሩም መስኮቱም ዝግ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ራሴን ፈለጠኝ፤ ፊደሉ ተደበላለቀብኝ፤ ልነሣ ብል ጉልበቴ ከዳኝ። እናቴን ብጠራት አልመለሰችልኝም። እንደ ምንም በሩን ከፍቼ ጎረቤት ጠራሁ፤ ተሸክመንም ሐኪም ቤት አደረስናት። ኦክስጅን ተሰጥቷት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች።

የሚያሳፍረው እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኔ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚወጣው፣ ይህም ጋዝ ቀለምም ሽታም እንደሌለው፣ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል እንደሚጣበቅ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በቤቴ ግን ረሳሁት። እናቴስ ምን ታድርግ? እርሷ የኖረችበት ጎጆ ጭሱንም ጋዙንም በሣር ክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ ያስወጣል። እኔ ያስተኛኋት ግን ራሴ በጨርቅ ባሸግሁት ክፍል ውስጥ ነበር።

እንግዲህ አንተም እንዲህ ያለ ምድጃ ቢኖርህ፣ አስቀድመህ የትኛውን እንደምትፈልግ ወስን። ልታነድበት ካሰብህ ጭስ ማውጫውን በባለሙያ አስጠርግ፤ የተጋገረ ጥላሸት ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል፣ የወፍ ጎጆም ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ልታፈርሰው ካሰብህ፣ ግንቡ ጣራውን ወይም ግድግዳውን ደግፎ እንደ ሆነ ግንበኛ ሳይመረምረው መዶሻ አታንሣ። ልትዘጋው ካሰብህ ደግሞ ከላይ ዝናብ የሚከለክል፣ በጎኑ ግን አየር የሚያሳልፍ የቆርቆሮ ቆብ አድርግለት፤ ከታችም ወንፊት ያለው ትንሽ መተንፈሻ ተውለት። ያለዚያ እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ግድግዳውን ያሻግተዋል።

ነገር ግን «መተንፈሻ አለኝና ከሰል አስገብቼ ልተኛ» እንዳትል! ክፍት ጭስ ማውጫ የከሰል ማንደጃን ጋዝ ሁሉ ይስባል ብሎ መታመን አይቻልም። ቡናው በተከፈተ መስኮት ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ከመኝታ በፊት ፍሙ ከቤት ይውጣ። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢሰማህ፣ ምክንያቱን ከመመርመርህ በፊት ሁሉንም ይዘህ ወደ ውጭ ውጣ።

እኔ ጨርቁን አውጥቼ ወንፊት አበጀሁለት፤ መጻሕፍቱም ወደ ሌላ ግድግዳ ተዛወሩ። ነፋሱ ጥቂት ይገባል። እናቴ ዘንድሮም መጥታ ነበር፤ ቡናውን በረንዳ ላይ አፈላችልን፣ እኔም ብርዱን በጋቢ ቻልሁት።