ገብስ የገደለው በግ

ጎረቤቴ የፋሲካ በጉ ቶሎ እንዲሰባለት ብሎ ከመሳለሚያ እህል በረንዳ አንድ ቁና ገብስ አምጥቶ ባንድ ጊዜ ደፋለት። በማግሥቱ የበጉ ሆድ ተነፋ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሰፈርተኛው «ዓይን በላው» አለ፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

ለበግ ሣሩን የሚያብላሉለት በጨጓራው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እህል በድንገት ሲገባ አሲድ አመንጪዎቹ ባንድ ሌሊት ይበዙና ሣር አብላዮቹን ይፈጃሉ። የስሜን ተራራዋ ጭላዳ ግን ምግቧ የሚለወጠው ከወቅቱ ጋር ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዝናብ ሲጥል ሣር አብላይ ባክቴሪያዎቿ እንደሚበረክቱ አሳይቷል። እርስዎም ገብሱን በእፍኝ ጀምረው፣ ድርቆሹን ሳያስቀሩ፣ እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ይጨምሩለት።

ጎረቤቴ ሌላ በግ ገዝቷል። የገብሱን ቁልፍ ግን ባለቤቱ ይዛለች።