አምፖሉ ላይ አይቆጠብም
አሜሪካ ውስጥ የየመን እስስት የሚያሳድጉ ሰዎች ለመስታወት ሣጥን ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያወጡ ይገርመኛል። እስስት የሚሻው አየር የሚመላለስበት ቤት ነው፤ ወርድና ጎኑ 60፣ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ሠርቶ የአሉሚኒየም ወንፊት ሽቦ መወጠር በመጋዝና በመዶሻ የሚያልቅ ሥራ ነው። ቁመቱን ግን ማሳጠር የለም፤ እንስሳው የቅርንጫፍ ነዋሪ ነው። ውሃም የሚጠጣው ከሳህን ሳይሆን ከቅጠል ላይ ጠብታ እየላሰ ስለሆነ፣ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ማስቀመጥ ይበቃል (ከታች መቀበያ የረሳ ወለሉን ይሰናበት)። ቁጠባ የማይሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚሰጠው አምፖል ላይ ነው። እሱን መግዛት ያቃተው ሰው እስስቱንም ባይገዛ እመርጣለሁ፤ ያለዚያ ጨረር ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ3 መሥራት ያቅተዋል፣ ካልሲየም ያጥረዋል፣ አጥንቱ ይለሰልሳል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም መፍትሔ አይሆንም፤ የመስኮቱ መስታወት ያንኑ ጨረር ያስቀረዋል።