ጥቂቶችን የሚይዝ በሽታም መነሻው ይመርመር

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጤና ምርምር በወጣው ጽሑፍ፣ ወባና የሳንባ ነቀርሳ ባልጠፉበት አገር ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ በሽታ ከምን እንደሚመጣ መመራመር ቅንጦት ነው የሚል አስተያየት አነበብኩ። ጸሐፊው ለብዙኃኑ መቆርቆራቸውን አከብራለሁ። ድምዳሜያቸውን ግን አልቀበልም። ማስቶሳይቶሲስ የተባለ በሽታ ያለበት ልጅ እናት ነኝና ምክንያቴን ላስረዳ።

ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳት በሁላችንም ቆዳ፣ አንጀትና መቅኒ ውስጥ አሉ። ሂስታሚንንና ሌሎች ኬሚካሎችን አምቀው ይቆዩና ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ይለቃሉ። ማስቶሳይቶሲስ ባለበት ሰው ግን ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ በትንሹም በትልቁም ይቆጣሉ። ልጄ ጀርባው ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። ገላውን ሳደርቅለት ፎጣው አንዱን ሸት ካደረገው ብዙም ሳይቆይ ያብጣል፤ ያሳክከዋል። ጎረቤት ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣችልን። ዘመድ ደግሞ እርጉዝ ሳለሁ ምን በልቼ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኝ ከርሟል።

ከዚያ ጸጸት ያወጣኝ ምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ኪት በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ አገኙ። ዘረመሉ የሚሠራው ፕሮቲን ማስት ሴል እንዲራባ የሚታዘዝበትን መልእክት ተቀባይ ነው። ሲለወጥ ግን ማንም ሳይነካው እንደሚጮህ የበር ደወል ያለ መልእክት ይሠራል። በሽታው ከቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ ከዘለቀባቸው አዋቂዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ላይ የተለወጠው የዚህ ፕሮቲን 816ኛው አሚኖ አሲድ ነው። በልጆች ላይ ለውጡ ብዙ ጊዜ በዚያው ዘረመል ሌላ ቦታ ይገኛል። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን ከፅንሰት በኋላ በአንድ ሕዋስ ላይ የተፈጠረ ነው። እናት የበላችው ምግብ አላመጣውም።

ጥቅሙ ሐዘን ማቅለል ብቻ አይደለም። ኢማቲኒብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ኪትን ያግዳል፤ በ816ኛው ቦታ የሚደርሰው ለውጥ ግን የፕሮቲኑን ቅርጽ ስለሚቀይረው መድኃኒቱ ሊይዘው አይችልም። ይህ ባይታወቅ ኖሮ ታማሚው የማይረባውን እየዋጠ በከረመ ነበር። ስለታወቀ ለውጡን የሚያግዱ መድኃኒቶች ተገኙ፤ በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ሚዶስታውሪን እ.ኤ.አ. በ2017፣ አቫፕሪቲኒብ በ2021 ተፈቀዱ።

እውቀቱም ለጥቂቶች ብቻ አይቀርም። ንብ ነድፎት የደም ግፊቱ የሚወርድና ራሱን የሚስት ሰው አንዳንዴ የሚታመመው ሳይታወቅበት በቆየ ማስቶሳይቶሲስ ነው። ማስት ሴሎች የሚለቁት ትራይፕቴዝ የተባለው ነገር በደሙ ውስጥ ቢለካ ፍንጭ ይገኛል። ንብ ማነብ በተስፋፋበት አገራችን ይህ የቅንጦት እውቀት ነው ሊባል አይችልም።

ከራሳችንም ምሳሌ አለ። በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ለአብዛኛው ዓለም እንግዳ በሽታ ነው። በባዶ እግር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ላይ ከመሥራት እንደሚመጣ ተመራማሪዎች አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በወላይታ የተደረገ ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጡ የዘረመል ልዩነቶችን አሳየ። እርግማንም ተላላፊም አለመሆኑን በማስረጃ ማስረዳት የተቻለው መነሻውን የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ዓለም «ጥቂቶች ናቸው» ብሎ ቢተወን ምን እንል ነበር?

ስለዚህ የጤና ተቋማት እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን የሚመዘግብ አገር አቀፍ መዝገብ ይክፈቱ፤ ናሙናቸውም በፈቃዳቸው ተጠብቆ ለምርምር ይዋል። ቆዳችን ጠቆር ስለሚል ነጠብጣቡ በፈረንጅ መጻሕፍት ሥዕል ላይ እንደሚታየው አይታይም፤ ሐኪሞቻችን የእኛን ታማሚ አይተው ይማሩ። ለዚህ የሚጠየቀው ወጪ ከወባ በጀት ተቀንሶ የሚመጣ አይደለም፤ ያሉት ሐኪሞችና ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ሊጀምሩት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የሆንኩ አንዲት እናት
አዲስ አበባ