የከፋው መራጭና የአጋማሽ ዘመን ምርጫ

በአሜሪካ የአንድ ፕሬዝዳንት የአራት ዓመት የሥልጣን ዘመን እኩሌታው ላይ ሲደርስ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ይካሄዳል። በዚህ ምርጫ ፕሬዝዳንቱ አይወዳደርም። ለውድድር የሚቀርቡት 435ቱም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችና ከ100ው የሴኔት መቀመጫዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ናቸው።

«ፕሬዝዳንቱ ካልተወዳደረ፣ ውጤቱ ለምን እሱ ላይ እንደተሰጠ ፍርድ ይታያል?» ሲል አንድ ወዳጄ ይጠይቃል።

ኑሮ የከበደው መራጭ ተጠያቂ የሚያደርገው ሥልጣን የያዘውን ነው። ፕሬዝዳንቱን ለማግኘት ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በቅርቡ የሚያገኘው የፕሬዝዳንቱን ፓርቲ እንደራሴ ስለሆነ ቅጣቱ እዚያ ያርፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የፕሬዝዳንቱ ፓርቲ በተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2002 ብቻ ነው።

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለም? እነሱ በየሁለት ዓመቱ ያውሱታል ማለት ነው» ይላል ወዳጅየው።

ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች የተወካዮች ምክር ቤትን ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ያደረጉት እንደራሴው ከሕዝቡ እንዳይርቅ አስበው ነው። በ1946 ሥጋ ከገበያ ጠፍቶ፣ ዋጋም ንሮ ሳለ ሪፐብሊካኖች «አልበቃችሁም?» እያሉ ቀሰቀሱና ሁለቱንም ምክር ቤቶች ከትሩማን ፓርቲ ወሰዱ። በ1994 የክሊንተን ፓርቲ ለ40 ዓመታት የያዘውን የተወካዮች ምክር ቤት አጣ። ሥራ አጥነት ከ9 በመቶ በላይ በነበረበት በ2010 የኦባማ ፓርቲ 63 መቀመጫዎች ተነጠቀ። በ2018 ደግሞ ተራው የትራምፕ ፓርቲ ሆነ፤ 40 ያህል መቀመጫዎች አጣ።

«ሕዝቡ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ልቡ ይገለበጣል?»

ልቡን የሚለውጥ አለ፤ በተለይም ከሁለቱም ፓርቲዎች ያልወገነው መራጭ። ትልቁ ልዩነት ግን ማን ወጥቶ መረጠ፣ ማን ቤቱ ቀረ የሚለው ነው። በ2008 ድምፅ መስጠት ከሚችለው ሕዝብ 62 በመቶ ያህሉ መርጦ ነበር፤ በ2010 ግን ቁጥሩ ወደ 41 በመቶ ወረደ። ያሸነፈው ወገን ይዘናጋል፣ ወይም ቃል የተገባለት ስላልተፈጸመ ያኮርፋል። የተሸነፈውን ወገን ደግሞ ቁጣው ያነሳሳዋል። ስለዚህ በራሱ ፓርቲ ተከፍቶ ቤቱ የሚቀር ሰው ውሳኔውን ለሌሎች ይተዋል።

«ታዲያ ገዥው ፓርቲ ሁልጊዜ ይሸነፋል?»

ሁልጊዜ አይደለም። በ1998 ኢኮኖሚው ደህና ነበር፤ ሪፐብሊካኖች ክሊንተንን ለመክሰስ መገፋፋታቸውም ብዙ መራጭ አላስደሰተም። በ2002 ደግሞ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በመስከረም 2001 በአሜሪካ ላይ የደረሰው የሽብር ጥቃት ሕዝቡን ከቡሽ ጎን አሰልፎት ነበር። በሰኔ 2022 የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ሳለ ገዥዎቹ ዴሞክራቶች በዚያ ዓመት ምርጫ ያጡት 9 መቀመጫ ያህል ብቻ ነው፤ ሴኔቱም በእጃቸው ቆየ። በዚያው ሰኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፅንስ ማቋረጥን መብት ያደረገውን የ1973ቱን ውሳኔ መሻሩ በሌላ አቅጣጫ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር።

«ትውልደ ኢትዮጵያውያንስ?»

በኅዳር 2021 በቨርጂኒያ በተካሄደው የአገረ ገዥ ምርጫ፣ የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ወገኖች ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ድምፅ እንዲሰጥ ቀስቅሰዋል። ምርጫው የአጋማሽ ዘመን ባይሆንም ገዥውን ፓርቲ በድምፅ የመቅጣት ልማድ እነሱንም እንደሚያካትት አሳይቷል።

«ከቅጣቱ በኋላስ ምን ይለወጣል?»

ምክር ቤቱን የያዘው ፓርቲ ኮሚቴዎቹን ይመራል፣ ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፣ የበጀቱን ቁልፍ ይይዛል። ከ2010 በኋላ ኦባማ ትልልቅ ሕጎችን ማሳለፍ ከበደው፤ ከ2018 በኋላም ትራምፕ በተወካዮች ምክር ቤት ተከሷል። ይሁን እንጂ ትሩማን በ1948፣ ክሊንተን በ1996፣ ኦባማ በ2012 የፕሬዝዳንትነት ምርጫውን አሸንፈዋል። የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ሥልጣንን ይገድባል፤ ቀጣዩን ፕሬዝዳንት ግን አይወስንም። መራጩ የማይፈልገውን በዚህ ምርጫ ከተናገረ በኋላ፣ የሚፈልገውን ለመምረጥ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መውጣት ይኖርበታል።