ከሮቶው በፊት ስሌቱ

ለተማሪዎች የዝናብ ውሃ ማቆርን ስለማስተማር ሲነሳ ጸንቶ የቆየው አስተያየት ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ አሸንዳና ሮቶ ይኑረው፤ ተማሪው ውሃው ሲጠራቀም ካየና ጓሮውን ካጠጣ የሚፈለገውን ተምሯል። በዓይን የታየ ትምህርት እንደማይረሳ እኔም አምናለሁ። ሙግቴ ግን ሮቶው ብቻውን ለተማሪው የሚያሳየው ነገር የተሳሳተ ነው የሚል ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ደጋ፣ 200 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 20 በመቶው በትነትና በፍንጣቂ ቢባክን እንኳ 160,000 ሊትር ያወርዳል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ የዚህ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። 63 ሚሊ ሜትር ያህል ሲዘንብ ይሞላል፤ የቀረው ሜዳውን እየሸረሸረ ይሄዳል። ይህን የሚያይ ተማሪም የለም፤ ዝናቡ የሚበረታው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ልጁ መስከረም ላይ ሲመለስ የሞላ ሮቶ ያገኛል። 100 ካሬ ሜትር የአትክልት ቦታ ግን በበጋ በቀን እስከ 500 ሊትር ስለሚፈልግ ሮቶው በሃያ ቀን ባዶ ይቀራል። ጓሮው ኅዳር ላይ ሲደርቅ ልጁ ውሃ ማቆር አያዋጣም ብሎ ይደመድማል።

በአገር ደረጃም ያየነው ከዚህ አይርቅም። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራና በትግራይ በዘመቻ ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ ውሃው እየሰረገና እየተነነ፣ የተነጠፈው ፕላስቲክ እየተቀደደ ከአገልግሎት ወጥተዋል። ከአፈሩና ከውሃው ሂሳብ ይልቅ የኩሬውን ቁጥር ማሟላት ቀድሞ ነበር።

የተረሳው ማጠራቀሚያ አፈሩ ራሱ ነው። ለም አፈር እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት በየካሬ ሜትሩ ከ100 ሊትር በላይ ለተክል የሚሆን ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ያው 100 ካሬ ሜትር ጓሮ ምንም ሳይገዛለት ከሮቶው ያላነሰ ውሃ ያቁራል ማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ እርከን አፈሩንም ውሃውንም በቦታው የሚያስቀረው በዚሁ መንገድ ነው። የትምህርት ቤት ግቢ ግን በእግር ብዛት የተጠቀጠቀ ስለሆነ ውሃ አያስገባም፤ የተማሪው የመጀመሪያ ሥራ መሬቱን መቆፈር፣ ኮምፖስት መጨመርና ከሮቶው የሚተርፈውን ውሃ በቦይ ወደ እርከን መምራት ነው። እርግጥ የሽንኩርትና የሰላጣ ሥር አጭር ስለሆነ ከጥልቁ አይጠጣም። ሮቶውንም የማልጥለው ለዚህ ነው። 10 ካሬ ሜትር የችግኝ መደብ በቀን 50 ሊትር ይበቃዋልና 10,000 ሊትሩ 200 ቀን ያገለግላል፤ የትምህርት ዘመኑን አብዛኛውን ክፍል ማለት ነው።

ስሌቱ ለልጆች ይከብዳል የሚሉ አሉ። ስፋትንና ማባዛትን ለተማረ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከላይ ካለው አንዱም አይከብደውም።

ርእሰ መምህራንን የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ትምህርቱ በግንቦት፣ ልጆቹ ሳይበተኑ፣ ጣሪያውን በሜትር በመለካት ይጀመር። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ ለዝናብ መለኪያ ይበቃሉ። ሮቶ የሚገዛም ከሆነ መጠኑ ተማሪዎቹ አስልተው ባወጡት ቁጥር ይወሰን።