መጋዘን ተሠርቶ ያልቃል፤ መዝገብ ግን አያልቅም

የገበሬ ማኅበር መሪዎች የልማት ሥራ እንዴት እንደሚመራ በሚገባ ያውቃሉ። የእህል መጋዘን ለመሥራት ሲታሰብ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ሲሚንቶውና ቆርቆሮው ይሰላል፤ የጉልበት ተራ ይወጣል፤ ሥራው የሚያልቅበት ቀን ይቆረጣል። በመጨረሻም ቁልፍ መረከብ ነው። ግድግዳው የተንጋደደ እንደሆነ አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ ጣሪያው የሚያፈስ እንደሆነም የመጀመሪያው ዝናብ ያጋልጠዋል።

ዛሬ ግን በየቀበሌው ሌላ ዓይነት ሥራ ገብቷል። የማሳ ልኬታው፣ የባለይዞታው ምዝገባ፣ የአፈሩ ናሙና፣ የማዳበሪያው ፍላጎት ዝርዝር ከየቤቱ ተለቅሞ በኮምፒዩተር ይከማቻል። ከመላው አገሪቱ ሲጠራቀም ባለሙያዎች ግዙፍ መረጃ ወይም ቢግ ዳታ ወደሚሉት መጠን እየተጠጋ ይሄዳል። ይህንን ሥራ እንደ መጋዘን ግንባታ አድርጎ መምራት ስሕተት ነው። የስሕተቱንም ዋጋ የሚከፍለው ገበሬው ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የመረጃ ጉድለት በዓይን አይታይም። አንድ ሺህ አባወራና እማወራ ያሉበትን ማኅበር እንውሰድ። እያንዳንዱ አራት ማሳ ቢኖረው 4,000 ማሳ ይመዘገባል። ከመቶ አንዱ ብቻ ቢሳሳት 40 ማሳ ተሳሳተ ማለት ነው። መዝገቡ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ያማረ ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ግን ከዓመታት በኋላ፣ አባት ሞቶ ልጆች ሲካፈሉ ወይም ጎረቤት ድንበር ሲገፋ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በጽሑፍ የገባ ስሕተትም እንደዚሁ ይወረሳል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ከቅጹ የጎደለ ጥያቄ በቀላሉ አይሞላም። መጋዘኑ መስኮት ቢጎድለው ግድግዳውን በስቶ ማውጣት ይቻላል። በቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ሲጎድል ግን በየቤቱ ተመልሶ መዞርን ይጠይቃል። በትግራይ የገጠር መሬት ምዝገባ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲካሄድ የምስክር ወረቀቱ የተሰጠው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። ቀጥሎ በአማራ ክልል ሲሠራ ግን የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ደብተር ላይ እንዲሰፍር ተደረገ። ልዩነቱ የአንድ መስመር ጽሑፍ ይመስላል። ባሏ ለሞተባት ወይም ከባሏ ለተፋታች ሴት ግን የመሬቷ ዋስትና ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የመረጃ ሥራ ምን እንደሚያስገኝ አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረውን የአገር አቀፍ የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ እናስታውስ። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን ለገበሬው ይቀርብ የነበረው በአብዛኛው ዳፕና ዩሪያ፣ ማለትም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነበር። ናሙናው ሲመረመር በብዙ ቦታ አፈሩ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮንም እንደሚጎድለው ታየ። በዚህም የተነሣ ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ በዳፕ ቦታ ገባ። ሠራተኛው በቀን ይህን ያህል ናሙና አምጣ ተብሎ በኮታ ብቻ ቢጣደፍ፣ አፈሩን ከመንገድ ዳር ዘግኖ ይመለሳል። ኮታው ይሞላል፤ ካርታው ግን የመንገድ ዳር ካርታ ይሆናል።

በአራተኛ ደረጃ፣ ድንጋይ ለምን ተቆጠርኩ ብሎ አይጠይቅም፤ ሰው ግን ይጠይቃል። ገበሬው ቆጠራው ለግብር ነው ብሎ ከጠረጠረ ከብቱን ይደብቃል፤ ለእርዳታ ነው ብሎ ካሰበ የቤተሰቡን ቁጥር ያበዛል። ዓላማው በግልጽ ካልተነገረው እውነቱን አይሰጥም። ኮምፒዩተሩም የተሰጠውን ውሸት አሳምሮ ደምሮ ያወጣል እንጂ አያርመውም።

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ግን መዝገብ የሚያልቅበት ቀን የሌለው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ማሳው በገመድ ተለክቶ፣ አዋሳኞቹ በስም ተጽፈው በሚሊዮን ለሚቆጠሩ አባወራዎችና እማወራዎች ደብተር ተሰጠ። ታላቅ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ከዚያ በኋላ የተደረገው ውርስ፣ ስጦታና ፍቺ በመዝገቡ ላይ ሳይሰፍር ቀረ። መዝገቡ የሞተውን ሰው ባለይዞታ እያለ፣ በሕይወት ያለውን አራሽ ሳያውቀው ዓመታት አለፉ። በሁለተኛው ዙር ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ድንበር እየተሰመረ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎች ካርታ ወጥቶላቸዋል። ይህም ቢሆን ካልታደሰ የመጀመሪያው ዕጣ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

አንደኛ፣ መዝጋቢው ቡድን ወደ መንደር ከመግባቱ በፊት መረጃው ለምን እንደሚፈለግና ማን እንደሚያየው ጠይቀው ለአባላት በስብሰባ ያስረዱ። ሁለተኛ፣ ሥራው በአንድ ጎጥ ተሞክሮ ቅጹ ከታረመ በኋላ ወደ ሌላው ይለፍ። ሦስተኛ፣ የተመዘገበው ሁሉ በግልጽ ቦታ ተለጥፎ፣ ማንበብ ለማይችለውም ተነቦ፣ አቤቱታ የሚሰማበት በቂ ቀን ይሰጥ። በዚያ ቀን ሴቶች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መገኘታቸው ይረጋገጥ። አራተኛ፣ ሪፖርቱ የተመዘገበውን ማሳ ብዛት ብቻ ሳይሆን የተገኘውን ስሕተትና የታረመውን ጭምር ይግለጽ። ስሕተት አልተገኘም የሚል ሪፖርት አልፈተሽንም ከማለት አይለይም። አምስተኛ፣ ቡድኑ ከሄደ በኋላ ሞትን፣ ውርስን፣ ጋብቻንና ፍቺን እየተከታተለ ወደ ወረዳው የሚያደርስ ሰው ከነማስፈጸሚያው ይመደብ።

ይህ አምስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ለምረቃ ቀን የሚሆን ድንኳንና ደስኳር ሞልቶ ሳለ፣ ከምረቃ በኋላ ላለው ሥራ ግን ወረቀትና ትራንስፖርት ሲጠፋ ይታያል። መጋዘን በምረቃው ቀን ሥራው ይፈጸማል፤ የመዝገብ ሥራ ግን የሚጀምረው በዚያው ቀን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ አንድ ስም ማረም የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት ይሆናል። በመሆኑም የማኅበር መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርደው፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ የሞቱትንና የወረሱትን በስም እየጠሩ ከመዝገቡ ጋር እንዲያመሳክሩ እናሳስባለን።