ከምሳ በኋላ የሚመጣው ቡና

ከማጂ ተራሮች እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ድረስ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ጀበና ይጣዳል። በአንዳንድ ቤት የሚፈላው ፍሬው ሳይሆን የቡናው ቅጠል ነው፤ ከቅመም ጋር። ውድ አንባቢያን፣ ቡና ይቅር ልንላችሁ አይደለም። ደግሞስ በቡና አገር ማን ይሰማናል? ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ግን ስለ ሰዓቱ መነጋገር ይገባል።

ነገሩ ደም ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በአገራችን ከ100 ነፍሰ ጡሮች 29ኙ ደም ማነስ አለባቸው። በወሊድ ጊዜ ደም መፍሰስ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ አስቀድሞ ደሟ ያነሰ እናት ደግሞ ጥቂት ደም ቢፈሳትም አትቋቋመውም። ሆስፒታል አጠገብ ላለች እናት ደም ሊለገስላት ይችላል። ከማጂ ገጠር ቀበሌ እስከ ሆስፒታል ያለውን መንገድ፣ በተለይ የክረምቱን፣ የሚያውቅ ሰው ደሙ ቀደም ብሎ እዚያው ቤቷ መተካት እንዳለበት ይረዳል።

ለዚህም የአይረን ፎሌት ክኒን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። በዚያው የ2016 ጥናት ግን በእርግዝናቸው ወቅት ክኒኑን የወሰዱት እናቶች 42 በመቶ ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክኒን ማደልና ክኒን መዋጥ ለየቅል ናቸው። ሪፖርታችን ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ነው።

ለምን ይቋረጣል? ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። መጥቆሩ ጉዳት አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ የነገራት ከሌለ ግን እናት መደንገጧ አይቀርም። «ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይበረታል» የሚል ስጋትም አለ፤ በዚሁ ምክንያት ምግብ የሚቀንሱም አሉ። ክኒኑ የእናቲቱን ደም እንጂ የሕፃኑን ውፍረት አይጨምርም። ካቅለሸለሸዎት ማታ ሊተኙ ሲሉ ይዋጡት፤ ባይሻልዎ ባለሙያ ያማክሩ እንጂ አይጣሉት።

አሁን ወደ ጀበናው እንመለስ። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብረትን ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል። ይበልጥ የሚገርመው የሰዓቱ ነገር ነው፦ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ቡና ምንም አልቀነሰም፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። የእኛ ቡና የሚመጣው ደግሞ ከምግብ በኋላ ነው!

ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ ቡናዋን ከምግብ በፊት ትጠጣ፤ አለዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ትታገሥ። ክኒኑንም በውኃ እንጂ በቡና፣ በሻይ ወይም በወተት አትዋጥ። ቅጠሉም ከዚሁ አይለይም። ስኒውም ቢቀነስ መልካም ነው።

ቆጮ፣ ጎደሬና በቆሎ ያጠግባሉ፤ ብረታቸው ግን ጥቂት ነው። ባቄላ፣ ጎመንና ሲገኝ ሥጋ ይጨመርበት። ከገበታው ጋር ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ ወይም ዘይቱን ቢቀርብ ከጎመኑና ከባቄላው የሚገኘው ብረት በደንብ ይመጠጣል። ፍራፍሬው በየጓሮው እያለ ለገበያ ብቻ መሄዱ ያሳዝናል።

ምግብ ብቻውን ግን አይበቃም። ቆላው ወባ አለበት፤ በባዶ እግር ሲሠራ ደግሞ መንጠቆ ትል በቆዳ ይገባል፤ ሁለቱም ደም ይጨርሳሉ። አጎበሩ ለነፍሰ ጡሯ ይቅደም፤ የትል መድኃኒት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በባለሙያ ትዕዛዝ ይሰጣል።

የእጅ መዳፍና የዓይን ሽፋን ውስጡ ከነጣ፣ ጥቂት መንገድ ትንፋሽ ካሳጠረ፣ ልብ ከመታ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክኒኑን ደግሞ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት፤ ከረሜላ መስሏቸው ብዙ ከዋጡት ሕይወታቸውን ያሳጣል።